እንደ ሰም ያቅልጠኝ

በነቀምቴ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ ሳልምል የዋልሁበት የሥራ ቀን የለም። ከሳሽና ተከሳሽ ከመቆማቸው በፊት የምቆመው እኔ ነበርሁ። ቀኝ እጄን አንሥቼ፣ "የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጉማለሁ፤ ብዋሽ እንደ ሰም ያቅልጠኝ" እላለሁ። በአማርኛ ብዬ መልሼ በኦሮምኛ እለዋለሁ። ከመደጋገሙ የተነሣ "እንደምን አደራችሁ" ከማለት የማይለይ ሆኖብኝ ነበር። ሰው በየቀኑ የሚለውን ነገር መቼ ያዳምጠዋል?

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ችሎት የሚሰማውም የሚጻፈውም በአማርኛ ብቻ ነው። የወለጋ ገበሬ በኦሮምኛ ይናገራል፣ ዳኛው በአማርኛ ይጠይቃል፣ በመካከላቸው እኔ አለሁ። እናቴ ጎጃሜ ናት፣ አባቴ ሞረዳ የዚሁ የነቀምቴ ሰው ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ ከጡት ጋር ጠብቻቸዋለሁ። ወልደዮሐንስ ሞረዳ የሚለውን ስሜን የሰማ ሁሉ ከየትኛው ወገን እንደሆንሁ መምረጥ ይፈልጋል። አማራው "ለአባቱ ወገን ያደላል" ይለኛል፤ ኦሮሞው "ለእናቱ ወገን ያደላል" ይለኛል። ሁለቱም ካሙኝ ሥራዬን በትክክል ሠርቻለሁ ማለት ነው እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። እንዲህ ያለ መጽናኛ ግን ማታ አብሮህ ራት አይበላም።

ነገሩ የመጣው በድርቤ ክርክር ነው። ድርቤ የኑኑ ቁምባ ሴት ናት። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም ጨመዳ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ እሷንም መሬቱንም ልውረስ አለ። እሷ ደግሞ "አንተን አላገባም፤ መሬቱም የልጄ ነው" አለች። ጨመዳ ከሰሳት። ምስክር አድርጎ የጠራውም የገዛ ዘመዱን፣ በአገሩ የተከበሩትን ሽማግሌ ኦቦ ታፋን ነበር። ሟቹ ሲናዘዝ አጠገቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ኦቦ ታፋ ድምፃቸው ከጢማቸው አያልፍም። እኔ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ነው የምሰማቸው። የጨመዳ ዘመዶች በሩን ሞልተው ቆመዋል፤ የሚሰሙት ግን አልነበረም። ሽማግሌው ጨመዳን አንድ ጊዜ አዩትና እውነቱን ተናገሩ። "ሟቹ ከብቱን ለወንድሜ አለ። መሬቱን ለልጄ አለ። እናቱ ትያዝለት አለ።" አሉ። ይህን የሰማነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ አጠገቤ የቆመችው ድርቤና ከሽማግሌው ወዲያ ተጠግቶ የቆመው ጨመዳ። ጨመዳ ደግሞ የሰማውን መስማት አልፈለገም። እኔ ወደ አማርኛ መለስሁት፣ ዳኛው ለድርቤ ፈረዱ።

ኦቦ ታፋ አገራቸው ሲገቡ ዘመድ አዝማዱ ከበባቸው። በገዛ ወገንዎ ላይ መሰከሩ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው ምን ብለው እንደመለሱ ያኔ አላወቅሁም። ያወቅሁት በኋላ፣ ፊቴ ሲወድቅ ነው።

ጥቅምት ውስጥ ነው። ፊቴ በወደቀበት ቀን ዋዜማ ከጊዳ አያና በጭነት መኪና ስመለስ መስኮት ዳር ተቀምጬ ነፋስ ግራ ጉንጬን ሲገርፈው ውሎ ነበር። ጠዋት ስጉመጠመጥ ውኃው በግራ ከንፈሬ በኩል አምልጦ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ዳቦው ጣዕም አጣብኝ። በሬን ስዘጋው ድምፁ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ብርድ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድሁ። መስተዋት አልነበረኝም። ሚስቴ በቀለች ከሞተች ወዲህ ከቤቴ የጎደለው ብዙ ነው፤ ከሁሉ የባሰው ግን ጠዋት ከቤት ስወጣ "ቆይ፣ ፊትህ ምን ሆነ?" የሚለኝ ሰው መጥፋቱ ነው። በቀለች ብትኖር ኖሮ እንዲያ ሆኜ ሰው ፊት አልቆምም ነበር።

ችሎት ቆሜ እጄን አነሣሁ። "የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ" ድረስ እንደምንም ሄድሁ። "ብዋሽ" ላይ ስደርስ ከንፈሮቼ አልገጥም አሉ፤ ቃሉ ነፋስ ሆኖ ወጣ። ነገሩን ልጨርስ ብዬ "እንደ ሰም ያቅልጠኝ" ስል ግማሹ አፌ ብቻ ተናገረ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ከኋላ አንዲት ሴት "ያ ዋቃ!" ብላ ወደ አምላኳ ጮኸች። ግራ ዓይኔ አልከደን ብሎ ፈጥጧል፣ ግራ ጉንጬ ወርዷል፣ አፌ ወደ ቀኝ ተስቧል፣ ምራቄ አገጬ ላይ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ሲያዩኝ ከነበሩት ሰዎች አስተያየት ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን ብርድ መታው ይሉኝ ነበር። ከነመሐላዬ፣ ሰው ፊት፣ እጄን እንዳነሣሁ ሆነና ማን ብርድ ይበል? "እንደ ሰም ያቅልጠኝ ብሎ አልነበር? ይኸው ቀለጠ" አሉ። በዚያው ሳምንት የኦቦ ታፋ ቃል ከኑኑ ቁምባ ነቀምቴ ገባ። "እኔ እንዲያ አላልሁም፤ የጨመረው አስተርጓሚው ነው" ብለዋል አሉ። ከዚያ በኋላ ምኑን ላንሣው! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በነቀምቴ ተከራክሮ የተረታ ሰው ሁሉ የተረታው በእኔ ምላስ መሆኑ በአንድ ጊዜ ተገለጠለት። ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ በማላውቀው የአጥር ክርክር ሳይቀር ስሜ ተነሣ፤ ያኔ እኔ ሥራ እንኳ አልጀመርሁም ነበር።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። "እስኪሻልህ ዕረፍ" አሉኝ። "ብ"ንና "ም"ን በወጉ የማይል አስተርጓሚ ምን ያደርግላቸዋል? እቤቴ ዋልሁ።

ሕመሜን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣችልኝ። የወንጌል አማኞቹ መጥተው ጸለዩልኝ፤ ሲጨርሱም "በልብህ ያለውን ለጌታ ተናገር" ብለው በትዕግሥት ጠበቁኝ። የደብሩ ቄስ ጠበል አዘዙልኝ፤ እሳቸውም ከጠበሉ በፊት ንስሐ አሉ። አንዱ ደግሞ፣ "ጋኔን በጥፊ መትቶት ነው" አለ። ምክንያቱ ይለያያል እንጂ ሁሉም መጨረሻው ላይ ዓይን ዓይኔን እያዩ አንድ ነገር እስክናገር ይጠብቃሉ። የምናገረው አልነበረኝም። ግራ ዓይኔ ደግሞ አይከደንምና እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል፤ እነሱም "ይኸው ጸጸቱ" እያሉ ይሄዳሉ።

በመጨረሻ ወደ ሚሲዮኑ ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚያስተረጉምለት ተካ የሚባል ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ ነው። ሐኪሙ ቅንድብህን አንሣ አለኝ፣ ዓይንህን ጨፍን አለኝ፣ ጉንጭህን ንፋ አለኝ። ከጆሮዬ ኋላ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ረዘም ያለ ነገር ተናገረ።

ተካ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ያልፋል ይልሃል" አለኝ።

"ያ ሁሉ ንግግር 'ያልፋል' ነው?"

"ፍሬ ነገሩ እሱ ነው።"

"ተካ፣ አንተ ፍሬውን አትምረጥልኝ! ከነገለባው ስጠኝ። ሳትጨምር ሳትቀንስ!"

ተካ ሳቀ፤ ሐኪሙም ሳይገባው ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርሁ፤ በቀኝ በኩል ብቻ። ከዚያ የልቤን ሁሉ ጠየቅሁ። ከምን መጣ? ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ጅማት፣ እነሱ ነርቭ የሚሉት፣ ከጆሮ ኋላ በጠባብ የአጥንት ቀዳዳ ያልፋል፤ ሲያብጥ እዚያው ይታነቃል። ለምን ያብጣል? በእርግጥ አናውቅም። የመኪናው ነፋስ ይሆን? ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ወደ ራስ ወጥቶ ይገድለኛል? አይገድልም። ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል? አይተላለፍም። ይድናል? አብዛኛው ሰው ይድናል፤ አንዳንዱ ቶሎ፣ አንዳንዱ ዘግይቶ፣ አንዳንዱም የሆነ ነገር ይቀርበታል። እስከዚያ ዓይንህን ጠብቅ፤ ስትተኛ ቅባት ቀብተህ በጨርቅ ሸፍነው፤ ከደረቀ ትታወራለህ።

"እና መሐላ ያመጣዋል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ" አልሁት።

ተካ አፈረ። ቢሆንም ጠየቀ። ሐኪሙ "የለም" ሲል ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ብዙ የተማረው ሰው "ምክንያቱን በእርግጥ አላውቅም" ይላል፣ የማያውቀው ሰፈር ሁሉ ግን ምክንያቱን ያውቃል።

ምሳና ራቴን የምበላው ወይዘሮ ምንትዋብ ቤት ነበር። እንደ እናቴ ጎጃሜ ናት፤ ደንበኞቿ ከአንድ ትሪ እየከበብን እንበላለን። በሐሰት ምሎ የተመታ ሰው ግን ታርቆ እስኪነጻ ከሰው ጋር አይቆርስም፤ እርግማኑ በገበታ ይዞራል ይባላል። መጀመሪያ አንዱ "ጠግቤያለሁ" አለ። ሌላው ቦታ ቀየረ። ከዚያ ምንትዋብ ለብቻዬ በትንሽ ሰሃን ከጥግ ታቀርብልኝ ጀመር። "እንዳትጨናነቅ ብዬ ነው ልጄ" አለችኝ። ደግሞም፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለችኝ። እያደረ የሚጠራው ስንት ካደረ በኋላ እንደሆነ አልነገረችኝም። ጣዕሙን የማላውቀውን እንጀራ በቀኝ መንጋጋዬ እያኘክሁ፣ ከንፈሬን በጨርቅ እየያዝሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እበላ ነበር። ሰው መራብን ይፈራል፤ ብቻውን መብላት ከመራብ የሚከፋበት ጊዜ እንዳለ እኔ ያኔ አወቅሁ።

ጨመዳ ይግባኝ አለ። የይግባኙ ቀጠሮ ሲቀርብ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ከመካከላቸው ኦቦ ታፋ ነበሩ። "አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ?" አሉኝ፤ እንዴት ነህ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ፊቴን አላዩም፤ በትራቸውን ያዩ ነበር።

"እኛ ልናስታርቅህ ነው የመጣነው" አለ አንደኛው። "ችሎት ስትጠራ 'ተሳስቼ ይሆናል' በል። ሌላ አንልህም። ዋሸሁ በል አላልንህም። ከዚያ እርድ እናርዳለን፣ አብረን እንበላለን፣ ፊትህም ይመለስልሃል።"

"ይህን ካልሁ የድርቤ መሬትስ?"

"እሱ የእኛ የቤት ጉዳይ ነው።"

"ኦቦ ታፋ" አልሁ፤ "ያሉትን እርስዎ ያውቁታል። ጆሮዬ አፍዎ ላይ ነበር።"

ሽማግሌው በትራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። "ሸምግያለሁ፣ ኢልማ ኮ። ያልሁትን ረስቻለሁ" አሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ወደ እነሱ አዘንብሎ ነበር። አንዲት ቃል ናት! ማን በሥራው አንድ ቀን ተሳስቼ ይሆናል አላለም? በዚህች ቃል ከግድግዳው ፊቴን መልሼ ከሰው ጋር መቁረስ እችላለሁ። ግን ቃሏ የምትቆርሰው የድርቤን መሬት ነው። "አልተሳሳትሁም" አልኋቸው። ያመጡትን ማር እንኳ ይዘው ተመለሱ።

በይግባኙ ችሎት አቆሙኝ። ሰብሳቢው ዳኛ፣ "ያን ቀን የተረጎምኸው ምስክሩ ያለውን ነው?" አሉኝ። ቃሌ እንዳይበላሽ ግራ ከንፈሬን በጣቴ ደግፌ፣ "ያሉትን ነው። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ" አልሁ። ከልማዴ የተነሣም "ብዋሽ እንደ ሰም" ብዬ ጀመርሁ። ከኋላ አንዱ፣ "ከዚህ ወዲያ ምኑ ይቀልጣል?" አለ። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ፤ ዘበኛው ሳይቀር። እኔ ጣቴን ከከንፈሬ ሳላነሣ መሐላዬን ጨረስሁ።

ፍርዱ ጸና። ድርቤ ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች፤ መሬት መሬት እያየች ሄደች። ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን የሷን ነገር ሰማሁ። ኑኑ ቁምባ ውስጥ በሬ የሚያውሳት፣ እሳት የሚያጭራት፣ ስታልፍ "ነጋ ቡልቴ?" ብሎ ደኅና ማደሯን የሚጠይቃት ሰው አልነበረም። መሬቷ አላት፤ የሚያርስላት የለም። እዚያ እሷ ብቻዋን፣ እዚህ እኔ ብቻዬን ነበርን።

ክረምቱ ሲገባ ፊቴ በራሱ ፈቃድ ተመለሰ። መጀመሪያ የጉንጬ ጥግ ትር ትር አለ። ከዚያ ዓይኔ ተከደነ፤ በዚያ ሌሊት ያለ ጨርቅ ተኛሁ። ጣዕም ተመለሰ፣ አፌም ወደ ቦታው መጣ። ደስ ብሎኝ ገበያ ወጣሁ። ሰው ግን ሲጣመም "ዋሽቶ ነው" ብሎ ነበርና ሲቃና ደግሞ "በስውር ታርቋል፤ ካሣ ከፍሏል" አለ። ለማን? የት? አይጠይቁም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነበር፤ ብታመም በእኔው ላይ ምስክር፣ ብድን በእኔው ላይ ምስክር።

የቀረብኝ አንድ ነገር ነበር። ምንትዋብ ቤት ጥግ ተቀምጬ ምስር ወጥ ስጎርስ ግራ ዓይኔ እንባውን አወረደው። በርበሬው ነው አልሁ። በማግስቱ ባዶ ዳቦ በላሁ፣ አሁንም ወረደ። ተካ ዘንድ ሄድሁ። በዚህ ጊዜ ከነገለባው ነገረኝ። ጅማቱ ከተጎዳበት ተነሥቶ ሲያድግ አንዳንዱ ክር መንገድ ይስታል፤ "ምራቅ አውጣ" ተብሎ ለአፍ የተላከው ትእዛዝ ዓይን ዘንድ ይደርሳል፤ ስለዚህ ስትበላ ታለቅሳለህ አለኝ።

"እንግዲያው አሳስቶ የሚያስተረጉም በእውነት ተገኘ፤ ያውም እዚሁ ፊቴ ውስጥ" አልሁት።

"ይኖራል እንጂ አይጎዳህም" አለኝ።

በመስቀል ሰሞን ድርቤ መልእክት ላከችብኝ። ሽማግሌዎች ከጨመዳና ከዘመድ ሁሉ ሊያስታርቋት ነውና ኦቦ ወልደዮሐንስም ይምጣልኝ ብላለች። በበቅሎ ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ፣ ዛሬ ሰው ፊት ትናገራለች እያልሁ ነበር። አብራኝ የሰማች ሌላ ማን አለ? አንድ ጊዜ ብቻ "ኦቦ ታፋ ብለዋል፤ ሰምቻለሁ" ብትል ይበቃኛል።

በግቢዋ ሰው ሞልቷል። ኦቦ ታፋ ከላይ ተቀምጠዋል፤ ጨመዳ እጁን አጣጥፎ፣ የድርቤን ገበታ እንደማይነካ ሰው ከዳር ተቀምጧል። ምርቃቱ አለቀ። የአገሩ ሥራ ሥር አንጮቴ በቅቤ ርሶ፣ አይብ ተደርጎበት ከእንጀራ ጋር በትልቅ ገበታ ቀረበ። ወደ ጥጉ ልሄድ ስል ድርቤ እጄን ይዛ ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጠችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ትከሻዬ ከሰው ትከሻ ጋር ገጠመ። ከዚያ በላይ ደስታ አልፈልግም ነበር። ቆርሼ ጎረስሁ።

እንባዬ ወረደ። ጉንጬን አቋርጦ፣ ሰው ሁሉ እያየው።

ኦቦ ታፋ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። "አያችሁ? ዋቃ ልቡን መለሰለት። ያለቅሳል" አሉ። ድምፃቸው በዚያ ቀን ከጢማቸው አልፎ በሩ ድረስ ተሰማ። "ኢልማ ኮ፣ የጨመርኸውን ጨምረሃል፤ እኛ ይቅር ብለናል። ከዚህ በኋላ በዚህ ነገር ማንም ማንንም አይውቀስ።" ሰው ሁሉ "ይቅር ብለናል" አለ። አጠገቤ ያሉት ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ጨመዳ ቀና አለ። የረታው የገዛ ሽማግሌው ሳይሆን እኔ ሆንሁለት፤ አንገቱን የሚያስደፋው ነገር ቀረለት። "እኔም ይቅር ብያለሁ፤ መሬቱም ይሁንላት" አለና እጁን ፈትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ድርቤ ገበታ ዘረጋ።

ደሜ ፈላ። "ጅማት ነው! ሐኪሙን ጠይቁ! ታፋ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ጆሮዬ አፍህ ላይ ነበር!" ልል አፌን ከፈትሁ። አሁን አፌ ድኗል፤ "ብ"ም "ም"ም ይወጣል።

ድርቤ ግን ቀደመችኝ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ከፊቴ ተንበረከከች። ዓይኗ አንድ ጊዜ ወደ ገበታዋ፣ ወደ ጨመዳ እጅ ሄዶ ተመለሰ። እጁ ገና እንጀራው ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር ይነሣል። ጉርሻውን ወደ ተከፈተው አፌ እያደረገች፣ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ በኦሮምኛ፣ "እኔ ሰምቻለሁ። ምን እንዳሉ ሰምቻለሁ። ብላልኝ" አለችኝ።

ጎረስሁ። አላመጥሁት። ጨመዳም በላ፣ ኦቦ ታፋም በሉ። የግራ ዓይኔ እንባውን ያወርድ ነበር፤ እሱ የጅማቱ ነገር ነው። ጥቂት ቆይቶ ቀኙም ተከተለው። ስለ ቀኙ ግን ሐኪሙን አልጠየቅሁትም።